በምስጢር የተፈጨ በሶ

ውስጥ እግሩን የበላው ሰው መንገድ አለው ይባላል። ይህ እውነት ከሆነ እኔ በደርግ ዘመን ባሕር ዳር የኖርሁትን ዓመታት በሙሉ መንገድ ላይ መሆን ነበረብኝ። ስብሰባ ላይ ይበላኛል፤ ክፍል ውስጥ ይበላኛል። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርሁ፤ አንድም ተራራ ሳልወጣ ስንቱን ተራራ በጠመኔ ሠራሁ! በመስኮት ብመለከት ጣና ነው፤ ጣና ደግሞ ያምራል እንጂ አይወጣም።

ታዲያ የመንፈቅ ዕረፍት ሲቃረብ፣ ከሰሜን ተራሮች ወደ ተከዜ በረሃ የሚዘልቀውን ደረቅ ተረተር ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሬ ልሄደው ቆረጥሁ። ምን ፍለጋ ትሉኝ ይሆናል። መሄድን ፍለጋ ነዋ! ጀርባዬን ላለማምድ ብዬ አቅማዳ ሙሉ ድንጋይ ተሸክሜ ከሥራ በኋላ ሐይቁ ዳር እመላለስ ጀመር። በዚያ በረሃ አማፅያን መኖራቸውን አላውቅም ነበር? አውቃለሁ እንጂ። ስማቸውን ጮክ ብሎ የሚጠራ አይኑር እንጂ ሁሉም ያውቃል። የጂኦግራፊ ሰው መከራው ግን ካርታው ላይ ሰው አይታየውም።

ጥፋቴ በሶው ነው። ጎረቤቴን እትዬ ዘነቡን ገብስ ቆልተው በሶ እንዲያስፈጩልኝ ለመንኋቸው። እብድ እንዳልባል ፈርቼም ለሰው እንዳይነግሩብኝ አደራ አልሁ። በዚያ ዘመን አንድ ወንደላጤ በምስጢር በሶ አስፈጨ ማለት ጫካ ሊገባ ነው ማለት ነበር። እትዬ ዘነቡ ግን ምስጢሬን ጠበቁልኝ፤ ከማኅበርተኞቻቸው በቀር ለማንም አልተናገሩም።

ከዚያ ወዲያ በሬን በቀስታ የሚያንኳኳው በዛ። ባለሱቁ ጋሽ ኑሩ ስኳርና ጨው ይዘው መጡና፣ ልጃቸው ከዚያ በረሃ ነው መባሉን ነግረውኝ፣ «እንግዲህ ካገኘኸው» ብለው ዕንባቸውን ዋጡ። እትዬ ዘነቡ ለእህታቸው ልጅ ብርድ ልብስ አመጡ። ኧረ እኔ ለሽርሽር ነው ብል ማን ይሰማኛል? «እሱማ ለሽርሽር ነው» እያሉ ይጠቅሱኛል። እንቅልፍ አጣሁ። ወሬው ቀበሌ ከደረሰ አለቀልኝ፤ ጉዞውን ብተወው ደግሞ አደራ በላ ልባል ነው።

የፈራሁት ደረሰ። የመውጫ ፈቃድ ብጠይቃቸው «ነገ ና» እያሉ ያመላለሱኝ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ራሳቸው ከች አሉ። ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ሳልጠየቅ ስለ ሽርሽር ጥቅም፣ ስለ ተረተሩ አፈጣጠር ለፈለፍሁ። ሰምተውኝ ሲያበቁ ከካፖርታቸው ሥር የሱፍ ሹራብ አወጡ።

«ለልጄ ነው፣ መምህር። ከልብስህ መሀል ሸሽገው» አሉኝ።

ሰው ሲደነግጥ የማይረባ ነገር ይናገራል መቼስ፤ አገሩ በረሃ ነው፣ ሹራብ አያስለብስም አልኋቸው።

«ቀኑን ነው እንጂ ሌሊቱስ አይቻልም ብሎኛል» አሉ።

ፈቃዱንም እዚያው ፈርመው ሰጡኝ። ውስጥ እግሬ ግን፣ ጉድ እኮ ነው፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መብላቱን ተወኝ።