ኮንፊደንስ የሌለው ሰው

አንዳንድ ቃል ትርጉሙን ሳናውቀው ያስፈራናል። «ኮንፊደንስ» አንዱ ነው። ሶዶ ውስጥ ባጃጅ ነጂውም፣ ሰባኪውም፣ የቢሮ ኃላፊውም አፍ ላይ አለ፤ ምን ማለት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ሁሉም ደረቱን ነፋ አድርጎ ያሳያችኋል እንጂ አይነግራችሁም።

እኔን ያገኘኝ አምና ነው። አሥራ አንድ ዓመት በሠራሁበት ቢሮ ለቡድን መሪነት ተወዳድሬ የቃል ፈተና ገባሁ። የጠየቁኝን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ግን የፈሩት ይደርሳል ነውና ድምፄ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። የፈታኞቹ ሰብሳቢዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ «ሥራውን ታውቀዋለህ፤ ኮንፊደንስ ነው የሌለህ። ሐሙስ አንድ ዕድል እንሰጥሃለን» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጫ አጣሁ። ቤት ስገባ እወጣለሁ፤ ስወጣ እመለሳለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ደረቴን ብነፋ ባለቤቴ፣ «ምነው፣ አስም ጀመረህ?» አለችኝ። ቢቸግረኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሻንቶ ሄድኩ። ድሮ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ጋሽ ዳና ጡረታ ወጥተው የሚኖሩት እዚያ ነው።

ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ወንበር የሰጡኝ በዳበሳ ነው። ጉዳዬን ስነግራቸው ሳቁ።

«ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። ሥሩ ማመን ነው፤ ፊት ያለችውን ‹ኮን› አንዳንዱ ‹አብሮ›፣ አንዳንዱ ‹ፍጹም› ይላታል። ሰው በሌላ ሰው ላይ የሚጥለውም እምነት እኮ ኮንፊደንስ ነው።»

«እርስዎስ አለዎት?»

«እኔማ ለዓይኔ ቀዶ ጥገና ሁለቴ ቀጠሮ ተሰጥቶኝ፣ ሁለቴም ከሆስፒታሉ በር ተመልሻለሁ። ሦስተኛው ቀጠሮ ሐሙስ ነው፤ ከቀረሁ ተራዬ ያልፋል» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ከያዝከኝ እገባለሁ።»

ሐሙስ! ከሳምንቱ ቀን ሁሉ ሐሙስ!

በዕለቱ ጠዋት ከሆስፒታሉ ደጅ ለሰብሳቢዋ ደወልኩ። «ዛሬ አልመጣም። መምህሬን ማሳከም አለብኝ፤ ሌላ ቀን ካለ እመጣለሁ።»

ሰብሳቢዋ፣ «ይሄን ኮንፊደንስ ያን ቀን የት አስቀምጠኸው ነው?» አሉኝ። ቦታውን ግን ለሌላ ሰው ሰጡት። ደንብ ደንብ ነው።

ጋሽ ዳና ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ጨብጠውኝ ገቡ። በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታላቸው መስኮቱን አዩ፣ ነርሷን አዩ፣ የገዛ እጃቸውን አገላብጠው አዩ፤ መጨረሻ ላይ እኔ ላይ ደርሰው ቆሙ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ይሄን ሁሉ ሽበት ይዘህ ነው ፈተና የፈራኸው?»