ነጩ ወይን እና አራቱ አባቶች

ነጭ ወይን የሚሉት ነገር ነጭ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ? ቢጫ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ እዚሁ ነገሌ፣ ምግብ ቤቴ ውስጥ።

ያመጣው ውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር አውስትራሊያዊ ነው። ጠርሙሱን በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ ላይ ሰቀለው፤ ይቀዘቅዛል አለ። በዚህ ሙቀት! የሚገርመው፣ ቀዘቀዘ።

የተጋበዙት ኦቦ ጎልቻ ናቸው። መሬቱ የጎሳቸው ግጦሽ ነው። ሽማግሌው እሺ ካላሉ መቆፈሪያው በማግስቱ ተጭኖ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ውሃ በአህያ ማስመጣት አንገፍግፎኛል። ሰሃን በምራቅ አይታጠብ!

ሽማግሌው አማርኛ አይሰሙም ብዬ ነው የማውቀው። እንግዲህ ፈረንጁ በእንግሊዝኛ፣ አብሮት የመጣው አስተርጓሚ በአማርኛ፣ እኔ በኦሮምኛ።

ኦቦ ጎልቻ ቀመስ አደረጉና ይሄ ጠጅ ገና አልደረሰም አሉ። ይህን እንኳ ሳልተረጉም ዋጥኩት። የማን ነው ሲሉ ግን አስጠየቅሁ። ፈረንጁ የጠርሙሱን ወረቀት እየነካ፣ ከዛሬው ባለእርሻ ጀምሮ ወደ ላይ አራት ስም ቆጠረ። ወይኑን የተከለው አራተኛው ነው፤ እርሻው ከቤተሰቡ እጅ ወጥቶ አያውቅም። አስተርጓሚው ይህን ሲያቀብለኝ፣ እኔ "አባቶቹ ናቸው" ብዬ ጨመርኩ። ሰው የሌላ ሰው አባት ይቆጥራል እንዴ?

ሽማግሌው እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡ። ተመልሰው የራሳቸውን አሥራ አንድ አባቶች ቆጠሩና "ይቆፍር" አሉ።

ውሃው ወጣ፤ ያውም ጣፋጭ። ፈረንጁ ከሄደ በኋላ አስተርጓሚው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እርሻው የአማቶቹ ነው። የቆጠረው የሚስቱን አባቶች ነው! ደነገጥኩ። ለሽማግሌ ዋሽቼ መሬት አስቆፈርኩ ማለት አይደል? ከሰው ከሚሰሙት ብዬ ራሴ ሄጄ ይማሩኝ አልኳቸው።

ሳቁብኝ።

"አዴ ብርቄ፣ የአባቱን ስም ቀድሜ ጠይቄው ነበር። ሲቆጥር አልጠራውም። እጄን ልታጠብ ስወጣ አስተርጓሚውን ያዝኩት፤ የሚስቱ ቤት ነው አለኝ።"

"በምን ቋንቋ?"

"በአማርኛ ነዋ!"

ይኸው! ስንት ዓመት ፊታቸው በአማርኛ ሳማቸው ኖሬያለሁ።

"ታዲያ ለምን እሺ አሉ?" አልኳቸው።

"የራሱን አባትማ ማን ያጣዋል? የሚስቱን አባቶች እስከ አራት የሚያውቅ ባል ግን አይቼ አላውቅም። እንዲህ ያለው የሰው ግጦሽ አያበላሽም።"

ቤት ገብቼ ባሌን የአያቴ ስም ማን ነው አልኩት።

ወጡ ጨው በዝቶበታል አለኝ።