የኮርቻ ሐኪሟ አክስቴ

አክስቴ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ አጥር ተደግፎ የቆመ ብስክሌት ካየች ሳትዳስሰው አታልፍም። መዳፏን ኮርቻው ላይ ታሳርፋለች፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር የምትነካ ነው የምትመስለው። ከዚያ ራሷን ትነቀንቅና «ወይኔ፣ እዚህ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ነገር!» ብላ መንገዷን ትቀጥላለች።

ሳይጠሩት የሚመጣ ሐኪም የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ጉንፋን ያክማል፣ አንዱ ትዳር። የእኛዋ ክብርት ሐኪም በሙያዋ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ በልዩ ጥሪዋ ግን ብስክሌት የሚነዱ ሴቶችን ከኮርቻ ሥቃይ ታድናለች። ድምፅ ዝቅ ማድረግ አልፈጠረባትም። አንድ ቀን ባንክ ወረፋ ላይ ሄልሜቷን ክንዷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ክብደቷን ካንዱ እግሯ ወደ ሌላው ስታዛውር አየቻት።

«የኔ እናት፣ ኮርቻሽ አፍንጫውን ሽቅብ ቀስሯል አይደል? አስተካክዪው! ደግሞ ስፌቱ ወፍራም የሆነ የውስጥ ልብስ ለብሰሽ አትንጂ። ስፌትን እኔ አውቀዋለሁ፣ ሥጋ ይበላል!»

ወረፋው ሁሉ ዞረ። ዘበኛው ጣሪያውን ማጥናት ጀመረ። ሴትዮዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ስትወጣ ግን ቀስ ብላ ጠጋ አለችና «ምን ያህል ዝቅ ላድርገው?» አለቻት።

አንቺስ ለምን አትነጂም ያላት ሰው፣ ልጅ ሳለች ብስክሌቷን የወሰደባትን ሌባ ታሪክ ይሰማል። እኔ ሕፃን ሳለሁ ሌባው አንድ ቀጭን ሰውዬ ነበር። እኔ ሳድግ አብሮኝ አድጎ ጢም አወጣ። አሁን ሁለት ሆነዋል፤ አንደኛው ጩቤ ይዟል።

ተራው የኔ ሆነ። በብስክሌት ወደ ሥራ መመላለስ ከጀመርኩ ወዲህ እራቴን ቆሜ ነበር የምበላው። ነገሩን ከመናገር ብስክሌቱን መሸጥ ቀለለኝና ገዢ አገኘሁ።

«ቆሞ የሚበላ ፈረስ ነው» አለች አክስቴ። «የት ላይ ነው የሚያምሽ?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ከፊት ነው ከኋላ?»

አጎቴ ጋዜጣው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እሷ ካርቶን አምጥታ ደረጃው ላይ አነጠፈችና «ተቀመጪ» አለችኝ። ስነሳ የመቀመጫ አጥንቶቼ ካርቶኑን ሁለት ቦታ አጎድጉደውታል። በመጋረጃ ሜትሯ የሁለቱን ጉድጓዶች ርቀት ለካች።

«ኮርቻሽ ጠቦሻል! አጥንትሽ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ስስ ገላሽ ነው ሸክሙን የሚችለው።»

ለማነጻጸር ብላ አጎቴንም ካርቶን ላይ አስቀመጠችው፤ ውጤቱን ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ከዚያ ሱቅ ይዛኝ ሄዳ ኮርቻዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ተጫነቻቸው። «በጣም የሚለሰልሰው ይውጥሻል» ብላ ሰፋ፣ ጠንከር ያለውን መረጠችልኝ። ቁመቱን ዝቅ፣ አፍንጫውን ልክ አደረገችው። መንገድ ላይም በየመሃሉ ከኮርቻው ብድግ እንድል፣ ቤት ስገባ ያላበኝን ልብስ ቶሎ እንድቀይር አዘዘችኝ።

ገዢው ሲመጣ እራት ላይ ነበርኩ። ተቀምጬ። «አይሸጥም» አልኩት።

ስለ አንቺ ልጽፍ ነው ስላት መጀመሪያ ተኩራራች። ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ አወራችኝ። ብስክሌቷን ማንም አልሰረቃትም። ያማት ነበር። የት እንደሚያማት ለእናቷ እንኳ መናገር አፍራ፣ ያን የምትወደውን ብስክሌት ሜዳ ላይ ጥላው በእግሯ ወደ ቤት ገባች።

«ሁሉንም ጻፊ» አለችኝ። «ካርቶኑንም ጻፊ፣ የአጎትሽንም ቂጥ ጻፊ። ሌባ እንዳልነበረ ግን ተዪው።»