በተጎዳው አካባቢ በልግስና ይቀቡ

እንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ቸር ነው። ቃሊቲ አንድ መጋዘን ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ስለምጽፍ አውቀዋለሁ። አለቃዬ ኢሜይሉን «ካይንድሊ» ብሎ ከጀመረ ተቆጥቷል ማለት ነው። በቀጥታ ወደ አማርኛ ብትመልሱት «በደግነት ዛሬውኑ አስረክብ» ይላል። የቱ ጋ ነው ደግነቱ?

ጎረቤቴን ጋሽ ዘውዴን ጉድ የሠራቸውም ይኸው ቸርነት ነው። ከክር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር ይኖራሉ። እኔ ሦስተኛ ላይ ነኝ። ለጋስ ናቸው እንዳልል ጎረቤቱ ይስቅብኛል። ክብሪት ሲጠየቁ አንዷን እንጨት ለኩሰው ይዘው የሚመጡ ሰው ናቸው።

ጉልበታቸው ሲያስቸግራቸው ከፋርማሲ አንድ ቱቦ ቅባት ገዙ። ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። ግድግዳ እየተደገፉ ወርደው አንብብልኝ አሉኝ። ሸሚዜን እየተኮስኩ ስለነበር ብዙ ሳላስብ ቃል በቃል መለስኩላቸው፦ «በተጎዳው አካባቢ በልግስና ይቀቡ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «በልግስና» የምትለዋን አስደገሙኝ። «አካባቢ» የሚለውንም እርግጠኛ መሆኔን ጠየቁኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ቱቦዋን አገላብጠው አዩና አመስግነውኝ ወጡ።

በማግስቱ እትዬ ጥሩወርቅ መጥተው ሰውዬውን ተናገርልኝ አሉ። ለካ ጋሽ ዘውዴ ከምድር ቤት ጀምረው፣ በር እያንኳኩ፣ ቅባቱን ለጎረቤት እያደሉ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደረስኩባቸው። ውሃ የሚጠፋበት፣ ሊፍት የሌለው፣ መንገዱ ተቆፍሮ የቀረ ብሎክ ካልተጎዳ የትኛው አካባቢ ሊጎዳ ነው ይላሉ። አንዲት ባንክ የምትሠራ ልጅ ምንም አላመመኝም ብትላቸው፣ በየቀኑ የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደምትቆም አስታውሰው መዳፏ ላይ ጨመቁላት። ደስ ብሏቸው እንዳይመስላችሁ። በጨመቁ ቁጥር ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ግን መድኃኒት እንደታዘዘው ካልሆነ አይሠራም ባይ ናቸው።

እንግሊዝኛ ሲጻፍ እንዲህ ነው፣ በብዛት ይቀቡ ለማለት ነው፣ አካባቢውም የርስዎ ጉልበት ነው ብዬ አስረዳኋቸው።

«ታዲያ ልግስናን ምን አመጣው?» አሉኝ። «ለራስ ማብዛት እኮ ልግስና አይባልም።»

ትምህርት ቤት ይህን ያስረዳኝ አልነበረም።

ቱቦዋ ለራሳቸው ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል ነገር ሳታተርፍ አለቀች። ነገር ግን ያን ሁሉ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ሰንብተው ጉልበታቸው ተፍታታ። ቅባቱ ሠራ አሉ። ደጃቸውን ረግጦ የማያውቅ ጎረቤትም እየገባ ይጠይቃቸው ጀመር። አንዱ ውሃ በጀሪካን ያወጣላቸዋል፣ ሌላው ዳቦ ይዞላቸው ይመጣል። እኔም ቸርነት መድኃኒት ነው ብዬ ልሰብክ ምንም አልቀረኝም።

አንድ ቅዳሜ ሌላ ዓይነት ቅባት ገዝተው መጡ። በሬን ስከፍት ከኋላቸው ጎረቤቱ ደረጃው ላይ ተደርድሯል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለም አለ። አንብብ አሉኝ። አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። የሚለው «ስፔሪንግሊ» ነው። ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያየኛል። ምን ላድርግ?

«በቁጠባ ይቀቡ ይላል» አልኩ።

የጋሽ ዘውዴ ፊት በራ። ቱቦዋን ኪሳቸው ከተቱ።

«በነሱም አገር ኑሮ ተወደደ ማለት ነው» አሉና፣ ግድግዳ ሳይደገፉ ወደ ቤታቸው ወጡ።

የተጠቀለለው ሱሪ ቀስ ብሎ ወረደ። እሳቸውን የወቀሰ የለም፤ የተጻፈውን ፈጻሚ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በብሎካችን ንፉግ የምባለው እኔ ነኝ።