ለሙሽራው አምስት ክስ

ስለ ዲጂታል ዘመን ብዙ ተነግሯል። በአዳራሽ ተነግሯል፤ በመድረክ ተነግሯል፤ ምሳ እስኪቀርብ ድረስም ተነግሯል። ከመናገር አልፈው ወደ ተግባር የገቡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህ ብርቅዬ ሰዎች አንዱ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ሱፍ የሚሰፋው እንድሪስ ሲሆን፣ ይህ ሰው ሱቁን አንድ ማኪያቶ በሚጠጣበት ጊዜ ውስጥ ወደ አዲሱ ዘመን ለማሻገር ቆርጦ ተነሣ። ታሪክ የሚገባውን ቦታ እስኪሰጠው ድረስ እኛ በአቅማችን እንመስክርለት።

እንድሪስ ሙያውን ከአባቱ ነው የወረሰው። የደንበኛው አንድ ትከሻ ከሌላው ዝቅ ያለ እንደሆነ ባለቤቱ ሳያውቅ እሱ ያውቃል፤ አውቆም ሳይናገር በጥጥ ይሞላለታል። ዘንድሮ ግን ሙሽራው ሁሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ ወደሚመጣው፣ እጅጌው ጣት ወደሚሸፍነው ዝግጁ ሱፍ ሄደ። የጥር ሠርግ ደግሞ ካመለጠ አመለጠ ነው፤ ልብስ ሰፊ ከጥር በኋላ ዓመቱን ሙሉ ዚፕ ሲቀይር ይከርማል። በእንድሪስ እጅ የቀረው ትልቅ ሥራ የአማኑ ሠርግ ብቻ ነበር፦ ለሙሽራውና ለአራት ሚዜዎቹ አምስት ሱፍ።

በዚህ የጭንቅ ሰዓት ሚናስ ተገኘ። ሚናስ የዲጂታል አማካሪ ነው። ቢሮው ፒያሳ ካፌ ውስጥ ሶኬት አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ስትሆን፣ መፈክሩም «ማኪያቶው ሳይበርድ ዌብሳይት» ይላል።

«ጋሼ እንድሪስ፣ ዌብሳይት የሌለው ነጋዴ የለም ማለት እኮ ነው» አለው።

«ይኸው አለሁ አይደል እንዴ?»

«እዚህማ አሉ። ኢንተርኔት ላይ ግን የሉም።»

እንድሪስ ደነገጠ። ይህን ያህል ዘመን ኖሮ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ አለመኖሩን የነገረው ሰው አልነበረም። ሚስቱ ከዲጃ ግን ቁልፍ የምትተክልበትን ኮት ከጉልበቷ ሳታወርድ ጠየቀች።

«ምን ልትጽፉበት ነው?»

«መጀመሪያ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ይተረጎማል» አለ ሚናስ።

«የሚያጽፈው አማርኛ ተናጋሪ፣ የሚያነበው አማርኛ ተናጋሪ። እንግሊዝኛው መሀል ላይ ምን ሊሠራ ገባ?»

«እትዬ ከዲጃ፣ ፕሮፌሽናል እንዲሆን ነዋ!»

ይህ ቃል ከተነሣ በኋላ መከራከር ኋላ ቀርነት ነውና ከዲጃ ወደ ቁልፏ ተመለሰች።

ሚናስ ሥራውን ጀመረ፤ ጀምሮም እንደ ወጉ መጀመሩን ለሕዝብ አበሰረ። የማኪያቶው አረፋ ሳይወርድ «እንድሪስ ልብስ ስፌት» የሚል ገጽ ተከፈተ። ከሥሩም በደማቅ ቀለም «በግንባታ ላይ ነን፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ገጹ ባዶ እንዳይመስል አንድ ቢጫ ዶዘር ታከለበት።

ሌላ አገር ቢሆን ይህ ምንም አይደለም። ፒያሳ ላይ ግን፣ ሰው ጠዋት ከወጣበት ቤት ማታ መመለሱን እየተጠራጠረ በሚኖርበት ሰፈር፣ ስምና ዶዘር አንድ ላይ ከታዩ ለቅሶ ነው። የቆየች ደንበኛቸው ወይዘሮ የሺዓለም ወዲያው ለከዲጃ ደወለች።

«ከዲጃዬ፣ አይዞሽ። መቼ ነው ያፈረሱባችሁ?»

«ምኑን?»

«ሱቁን ነዋ! ኢንተርኔት ላይ አየሁት እኮ። ዕቃችሁንስ አወጣችሁ?»

ከዲጃ ዙሪያዋን ቃኘች። ግድግዳው አለ፤ ጣሪያውም አለ፤ ባሏም ማሽኑ ላይ አቀርቅሮ አለ። በማግሥቱ ግን ሁለት ሰዎች ለማሳጠር የሰጡትን ሱሪ ከፍርስራሹ ውስጥ ሊፈልጉ እየሮጡ መጡ። እንድሪስ ስልኩን አነሣና «ሚናስ፣ ዛሬውኑ ጨርሰው!» ብሎ ጮኸ።

ሚናስ ለአስቸኳይ ሥራ የተፈጠረ ሰው ነው። እንግሊዝኛውን በአንድ ትንፋሽ ጻፈ፤ «አማርኛ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነ፤ ማንበብ ፍጥነትን ስለሚጎዳ ሳያነብ ለቀቀው።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ማስረዳት ግድ ነው። እንግሊዞች ሱፍ ልብስን «ሱት» ይሉታል፤ ፍርድ ቤት የሚቀርበውን ክስም እንዲሁ «ሱት» ይሉታል። ሰው የሆነ ሁሉ አንዱ እንደሚለበስ፣ ሌላው እንደሚመሠረት ያውቃል። ተርጓሚው ግን ማሽን ነበር። ስለዚህ የእንድሪስ ገጽ ባማረ አማርኛ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ሙያ ክስ እናዘጋጃለን። ሙሽራ ሆይ፣ ሠርግህ ልዩ ክስተት ነውና ያለ ክስ አትቅረብ! ጥቁር ክስ፣ ግራጫ ክስ፣ ባለ ሦስት ቁልፍ ክስ አለን። በመጪው ጥር ለሚያገባው ለአቶ አማኑ አምስት ክስ እያዘጋጀን መሆኑን ስንገልጽ ኩራት ይሰማናል።»

በማግሥቱ ጠዋት በብብቱ ፋይል የያዘ አንድ ሰው መጣ። የወንድሙን ልጅ ሊከስ ነው። ጥቁሩ ክስ ይሻል ወይስ ግራጫው ብሎ ጠየቀ። እንድሪስ ለወንድም ልጅ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ሳለ አማኑ ላብ በላብ ሆኖ ገባ።

«ጋሼ እንድሪስ፣ ገደሉኝ!»

«ምነው፣ ጠበበህ?»

«አምስት ክስ አለበት ብለው በዓለም ፊት ለጠፉብኝ እኮ! የእጮኛዬ የማክዳ አባት ሰምተዋል። ጋሽ እምሩ ድሮም አይወዱኝም። አሁን ‘ያን ልብስ ሰፊ ላክልኝ፣ ከአፉ ልስማ’ ብለዋል። ከከለከሉኝ ምን ይውጠኛል?» አለና ልጁ ከተቆለለው ጨርቅ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ሠርጉ ከቀረ ሱፎቹ ይቀራሉ፤ ሱፎቹ ከቀሩ ሱቁም ጥርን አይዘልቅም። በዚያች ሰዓት ግን እንድሪስን ያንገበገበው የልጁ ዕንባ ነው። ለሚናስ ደውሎ ክስ የሚለውን ሁሉ ሱፍ እንዲያደርገው አዘዘና ኮቱን ደርቦ ጋሽ እምሩ ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ እሪ በከንቱ ወረደ።

አቶ እምሩ ከአያታቸው በወረሱት አንድ ግቢ ምክንያት ከአክስታቸው ልጆች ጋር ሲካሰሱ ያረጁ ሰው ናቸው። ጉዳዩን የጀመሩት ዳኛ ጡረታ ወጥተዋል፤ ጠበቃቸውም በሕይወት የለም። እሳቸው ግን ዛሬም ቀጠሮ ያላቸው ቀን ፊታቸው ይፈካል። እንድሪስን ወንበር ስበው አስቀመጡት። ማክዳ የጓዳውን በር ገርበብ አድርጋ ቆማለች፤ ዓይኗ ይለምናል።

እንድሪስ መንገድ ላይ ሲያጠናው የመጣውን ንግግር ጀመረ። «ጋሽ እምሩ፣ ስለ ተጻፈው ነገር...»

«ቆይ። አምስት ናቸው የተባለው እውነት ነው?»

«ስህተት ነው። እኔም ይህንኑ ላስረዳዎት...»

የአቶ እምሩ ፊት ጨለመ። «ስህተት? ያንሳሉ እንዴ?»

እንድሪስ ያጠናውን ንግግር ረሳው።

«እኔ እኮ ልጁ ባዶ እጁን የሚዞር ነበር የሚመስለኝ» አሉ ሽማግሌው። «ማክዳንም ‘ይቅርብሽ’ እያልኩ ስነዘንዛት ነው የከረምኩት። ኋላ የጎረቤቴ ልጅ ያንተን ጽሑፍ አነበበልኝ። አምስት ክስ! በዚህ ዕድሜው! የሌለውን ማን ይከሳል? አምስት ክስ ያለው ሰው አምስት ቦታ የሚያጣላ ሀብት አለው ማለት አይደለም? እኔ እንኳ በአንድ ግቢ ተከስሼ ነው በሰፈሩ የተከበርኩት። ድግሱ እጥፍ ይሁን ብያለሁ። አሁን መጥተህ ስህተት ነው ልትለኝ ነው?»

እንድሪስ ወደ ጓዳው በር ተመለከተ። ዋሽቶ አያውቅም። በእርግጥ «ነገ ይደርሳል» ይላል፤ ይህ ግን በልብስ ሰፊ ሕግ ከውሸት አይቆጠርም።

«ስህተት ያልኩት ቁጥሩን አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «አምስት ናቸው። አምስቱም እኔ እጅ ላይ ናቸው።»

«አልተዘጉም?»

«አንዱም አልተዘጋም።» ቁልፍ ስላልተተከለላቸው ይህ እውነት ነው።

«ቀጠሮስ አለው?»

«ሐሙስ ይቀርባል።» ለመለካት ነው የሚቀርበው፤ ይህም እውነት ነው።

አቶ እምሩ ወንበራቸውን አስጠጉ። «ወንድሜ፣ በአላህ ስም ንገረኝ። መጨረሻው ለእሱ ይሆናል?»

«በአላህ ስም፣ ልክ ለእሱ ነው የሚሆነው። ሌላ ሰው ቢታገልም አይገባለትም!»

ሽማግሌው ብድግ ብለው አቀፉት። ከጓዳው ቀጭን እልልታ ተሰማና ወዲያው በእጅ ታፈነ።

«ለካ ልብስ ሰፊ ብቻ አይደለህም!» አሉ አቶ እምሩ እየሸኙት። «የእኔንም ጉዳይ አንድ ቀን ብታይልኝ።»

«ልኩን ወስጄ አየዋለሁ ጋሽ እምሩ።»

እንድሪስ ከግቢው ወጥቶ «አስተግፊሩላህ» እያለ ዳገቱን ሲያያዘው ስልኩ ጮኸ። ሚናስ ነው፤ ድምፁ በድል ይንቀጠቀጣል።

«ጋሼ፣ አለቀ! ክስ የሚለውን ሁሉ ሱፍ አድርጌዋለሁ። ‘ልዩ ክስተት’ የምትለዋ ‘ልዩ ሱፍተት’ ሆነች እንጂ ሌላው ጥርት ብሏል። ከዛሬ ጀምሮ ልብስ ሰፊ መሆንዎን ዓለም ያውቃል!»

እንድሪስ መንገዱ መሀል ቆመ። ዞር ብሎም የሚሰማው ሰው አለመኖሩን አየ።

«ሚናስ፣ ስሞትልህ፣ ሠርጉ እስኪያልፍ ማንም እንዳያውቅብኝ። ቶሎ ብለህ ወደ ክሱ መልሰው!»