ጓድ ተክለጻድቅ ሲያጣሩ

ሰው በሰፈረበት ሁሉ፣ ጎረቤቱ ማስነጠሱን እንኳ ያለ ሁለት ምስክር የማያምን አንድ ሰው አይታጣም። አርባ ምንጭ ላይ ይህ ሰው ክቡር መርማሪ ጓድ ተክለጻድቅ ናቸው፤ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ጸሐፊ። ሕግ ያጠኑት ከአንድ አሮጌ የወንጀለኛ መቅጫ መጽሐፍ ነው፤ የፊተኛው ግማሽ በርበሬ ተጠቅልሎበት ስላለቀ የጀመሩት ከመሃሉ ነው።

ከኩልፎ ወንዝ ዳር አንድ የሙዝ ዘለላ ቢሰረቅ ዱካውን በቃጫ ገመድ ይለካሉ። ቀጥለው የከሳሹን፣ የሚስቱንና የጎረቤቶቹን እግር ይለካሉ። በመጨረሻ የራሳቸውን ለክተው «ከጥርጣሬ ነጻ» ብለው ይጽፋሉ። ከሳሹ ከሌባው ታርቆ ልጁን ክርስትና ቢያነሳለት እንኳ ፋይሉ አይዘጋም። «ገና አልተጣራም!»

አበቡም ከሰፈሩ ጋር ስትስቅባቸው ኖራለች። ባሏ ኦይታ ሙዝ ተክል ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሲጸልይ «በፀረ አብዮት ስብሰባ» የተያዘ ዕለት ግን ሳቋ ደረቀ። እነሆ ሁለት ወሩ፤ እሱ የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ይማቅቃል፣ ጓድ ተክለጻድቅ የሙዝ ግንድ ይቆጥራሉ።

«ጋሼ፣ ወይ ይፍረዱበት ወይ ይልቀቁት!»

«አንቺ ሴት፣ ሲዘምር ድምፁ ወፍራም ነው ቀጭን?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ወፍራም ከሆነ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። የተሰማ ደግሞ የምስጢር ስብሰባ አይባልም። ሰሚ እየፈለግሁ ነው።»

አንድ ቀን መረራትና የባሏን ምሳ እንደያዘች ለቀበሌው ሊቀመንበር ልትከሳቸው ወጣች። መንገድ ላይ ሸዋነሽን አገኘቻት። የእሷም ባል ከዚያው ጸሎት ላይ ተይዞ በጎረቤት ቀበሌ ታስሮ ነበር።

«የኛ መርማሪ ቀልጣፋ ነው» አለች ሸዋነሽ፣ መሬት መሬት እያየች። «ፋይሉን ባነሳ በአንድ ቀን ጨረሰው። ሐሙስ በመኪና ወሰዱት። ዛሬ ምግብ ባደርስ፣ ‹ከእንግዲህ አታምጪ› አሉኝ።»

አበቡ ክሱን ተወችው። ከዚያ ወደ ሸንጎው ሮጠች።

ሊቀመንበሩ ቀድሟት ደርሶ ጠረጴዛ ይደበድባል። «ይሄ ፋይል ለሐሙስ ካልደረሰ እርስዎም አብረውት ይጫናሉ!»

ጓድ ተክለጻድቅ ፋይሉን ወደ ደረታቸው ሳቡ። 

«ጓድ ሊቀመንበር!» አለች አበቡ። «ሁሉን ያየ ምስክር አለ። ፈርቼ ሳልናገር ቀርቼ ነው።»

«ማን?»

«ማቴዎስ ይባላል። የገረሴ ደጋ ሰው ነው።»

«በሉ ይምጣ!» ብሎ ሊቀመንበሩ በሩን ወርውሮት ወጣ።

ጓድ ተክለጻድቅ ቀና ብለው አዩዋት።

«የአባቱስ ስም?»

«አላውቀውም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ገረሴ ላይ ማቴዎስ የተባለ ሁሉ አንድ በአንድ ሊጠየቅ ነው» አሉ፤ አዲስ ገጽም ገለጡ። «ደጋው ደግሞ ክረምቱን መንገድ የለውም።»

አበቡ የኦይታን ምሳ ፈታች። የተቀቀለውን የቦዬ ሥር ለሁለት ገምሳ አንዱን ከመዝገቡ አጠገብ አስቀመጠችላቸው።