ሰላምታ የማያሳልፍ በር

«አባባ፣ አሁን ይጩሁ!» አለችኝ ልጄ ዘሐራ ከበሩ ውጭ ሆና። ጥርት ብሎ ተሰማኝ። እሷ ውጭ፣ እኔ ውስጥ፣ በመካከላችን ድምፅ አያሳልፍም የተባለ በር። እንግዲህ የእሷ ድምፅ እንዲህ ጆሮዬ ድረስ ከገባ የእኔን ጩኸት ምን አስፈለገው? ፈተናው እኮ በዚያው አልቋል! ግን ማን ጠይቆኝ።

ደግሞስ ምን ብዬ ልጩህ? ሌባ አልገባ፣ ቤት አልተቃጠለ። ሰው ያለ ነገር እንዴት ይጮሃል? ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት ለበሬ ብቻ ነው። እሱም ካልሰማኝ ሁለተኛ አልደግምለትም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «እሺ» አልኩ ቀስ ብዬ። ያነሰ መስሎኝ «ቢስሚላህ» ጨመርኩበት።

በሩ ተከፈተ። ዘሐራ ፊቷ እንደ ኢድ ማለዳ በርቶ፣ «አልሐምዱሊላህ! ምንም፣ ምንም አልተሰማኝም!» ብላ አቀፈችኝ። ጮኸዋል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም ያልተጠየቅሁትን አልመልስም፤ ልማዴ ነው። ሰዎች ዝምተኛ ሲያዩ ጨዋ ነው ይላሉ። ኧረ ተዉ! እኔ በቅርብ የማውቀው አንድ ዝምተኛ አፉን ሳይከፍት የሚዋሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓረብ አገር የሚመለስ ሰው ቴሌቪዥንና ምንጣፍ ይዞ ይመጣል። ዘሐራ ግን ጅዳ ስምንት ዓመት ሠርታ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ማይክሮፎን ይዛ መጣች። እህል የምናስቀምጥበትን ክፍል ባዶ አስደርጋ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስቱዲዮ ነው አለች። የወሎን መንዙማ እየቀረጸች በየሰዉ ስልክ ልታስገባ አስባለች። እኛ አገር ድምፅ ሞልቷል፣ የጠፋው የሚቀርጸው ሰው ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የድምፁ ግማሽ ደግሞ ያለው እኔ ደጃፍ ላይ ነው።

አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «ይህ ሥራ ከያዘልኝ እዚሁ ሐይቅ ከተማ እኖራለሁ። ካልያዘልኝ አሠሪዬ ቦታሽ ክፍት ነው ብላኛለች፤ እመለሳለሁ» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። ሆዴ ውስጥ ያለው ሌላ ነበር። ግን ከሆዴ እስከ አፌ ያለው መንገድ አስፋልት አልተነጠፈለትም።

ዘሐራ እንዳስተማረችኝ አየር የሚገባበት ሁሉ ድምፅ ይገባበታል። ስለዚህ ወደ መንገዱ የሚያሳየው መስኮት ላይ ሁለተኛ መስታወት አስደረበች። በሩ ላሜራ ነው፤ ዝንብ ቢያርፍበት እንደ ድቤ ይጮኻል። እሱንም በውስጥ በኩል የፍራሽ ስፖንጅ አለበሰችው። ለግድግዳው ከሐይቅ ሱቅ ሁሉ የእንቁላል ትሪ ተለቀመ። እንቁላሉን ማን እንደበላው አላህ ይወቅ፤ እኛ የደረሰን ትሪው ነው። ክፍሉ ዶሮዎች ተጣልተው የተሰደዱበት ቤት መሰለ።

ቤቱን በእጄ የሠራሁት እኔ ነኝ። በበሩ ሥር ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዳለ፣ የመስኮቱም እንጨት ከጭቃው እንደተላቀቀ አሳምሬ አውቃለሁ። ተናገርኩ? እንግዲህ ታውቁኛላችሁ።

ክፍተቱም ቢሆን በስንፍና የቀረ አይደለም። መስኮት ለብርሃን ነው የሚል ሰው ካለ ወሎን አያውቃትም። መስኮት ለሰላምታ ነው! በቤቴ ጎን የሚያልፍ ሁሉ፣ «አፍያ ናችሁ? ልጆቹ አፍያ ናቸው? ከብቱስ? አዝመራውስ?» ሳይል አያልፍም። ውስጥ ያለውም የያዘውን ጥሎ አንድ በአንድ ይመልሳል። ሰላምታ ያልመለሰ ሰው ወይ ሞቷል ወይ ተቀይሟል፤ ለሁለቱም ጎረቤት ይሰበሰባል። በእንዲህ ያለ አገር ድምፅ የማያሳልፍ ክፍል እሠራለሁ ማለት ጠብ አማረኝ ብሎ ማወጅ አይደለም?

የመቅረጫው ቀን ደረሰ። የመጀመሪያው ባለ ድምፅ ሸህ አደም ነበሩ፤ ከአምባሰል የመጡ። ድምፃቸውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ አገሩ እንደሚያውቀውም እሳቸው ያውቃሉ። የሳቸው ካማረ ሌላው ተከትሎ ይመጣል፣ የሳቸው ከተበላሸ ግን ደጃችንን የሚረግጥ የለም ብላኛለች ዘሐራ። የሚመልሳቸው መኪና ደግሞ ከዐስር ሶላት በኋላ ይነሳል።

ሸሁ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጡ። እኔም እንግዳ ብቻውን አይተውም ብዬ ጥግ ያዝኩ። ዘሐራ የጆሮ ማዳመጫዋን ደፍታ በቀጣዩ ክፍል ኮምፒውተሯ ፊት ሆነች። ሸህ አደም ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። አቤት ያ ድምፅ! የእንቁላሉ ትሪ ጫጩት ሊፈለፍል ምንም አልቀረው። ልክ ከፍ ወደሚያደርጉበት ሲደርሱ ከመስኮቱ ውጭ፣ «አያ ይመር! እንግዳ አለ እንዴ? ሸህ አደም ናቸው አይደል?» ተባለ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አበቡ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ መመለሷ ነው። ሠላሳ ዓመት በዚያ መስኮት ስታናግረን ኖራለች። «አፍያ ናቸው ሸሁ?»

ጨዋ ሰው እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ሸህ አደም መንዙማውን ከመሃል ቆርጠው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ? ልጆችሽስ? ላሟ ወለደች?» አሉ። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃው ወንድ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ይህ ሁሉ ተቀረጸ።

እንደገና ተጀመረ። ሁለተኛውን የዓሣ ሻጭ ሰላምታ በላው። ሦስተኛውን የባጃጅ ጡሩምባ አበላሸው፤ ልጁ ጨዋ ነውና አቁሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ይቅርታውም ከጡሩምባው ረዘመ። በአራተኛው ማንም አልመጣም። ያን ጊዜ ደግሞ ሸሁ ራሳቸው አቋርጠው፣ «ምነው ሰው ጠፋ? ደህና አይደሉም እንዴ?» ብለው ወደ መስኮቱ አንገታቸውን አሰገጉ።

ሸሁ ዙህር ሊሰግዱ ወደ መስጊድ ወጡ፤ አንድ ደግ ሰው ምሳ ጋብዟቸው እዚያው ቆዩ። እኔና ዘሐራ ቀረን። በሩን አየች። እኔን አየች። «አባባ፣ ያን ቀን ጮኸው ነበር?» አለችኝ።

አሁን ተጠየቅሁ። «አልጮህኩም» አልኩ።

«ታዲያ ምን አሉ?»

«እሺ አልኩ።»

እንድትቆጣ ጠበቅሁ፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም። «እንግዲያው ልደውልላት» ብላ ስልኳን አነሳች፤ ለአሠሪዋ መሆኑ ነው። «ቆይ!» አልኩ። አንዲት ቃል ናት፤ ከእኔ ስትወጣ ግን የሹም ንግግር ታህላለች። ዘሐራ ደንግጣ ስልኩን አስቀመጠችው።

ወጣሁ። አሮጌ የባጃጅ የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ነበረኝ፤ በቢላ እንደ ጠፍር ሸነሸንኩት። በሩ የሚገጥምበትን ጠርዝ ዙሪያውን ለበጥኩበት፣ ሲዘጋ ጎማው ላይ እንዲጫን። በሥሩ ወለሉን እየላሰ የሚሄድ የጎማ ምላስ ቸነከርኩ። መስኮቱን ግን መስታወት ቢደራርቡለት ትርፍ የለውም፤ ሰው በመስታወት ካየ ሰላም ማለቱ አይቀርም። ጭድ የታጨቀበት ጆንያ ጠቀጠቅሁበት፣ በላዩ የችፑድ ሳንቃ መታሁ፣ ከዚያ ስንጥቁን በውጭ በኩል በጭቃ እመርግ ጀመር።

ወይዘሮ አበቡ መጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች። «ምነው አያ ይመር፣ በቁሜ ትመርግብኝ?» አለችኝ።

«በበሩ ነይ» አልኳት።

«በሩስ ክፍት ነው?»

«እሱንም ደፍኜዋለሁ።»

ሳቀች፤ ወይም ተቀየመች፤ የሷ ሁለቱ አይለይም። ብትቀየምም ጭቃው ውኃ አንሶታል ብላ ከቤቷ በጆግ አምጥታ ጨመረችልኝ። እንግዲህ ሰላምታዋን የዘጋንበትን ጭቃ ራሷ አቡክታልናለች ማለት ነው።

ዘሐራ ወደ ክፍሉ መለሰችኝ። «አሁን ግን ከልብዎ ይጩሁ፣ እሺ በማለት አይለፉኝ» ብላ በሩን ገጠመችው። ጎማው እፍ ብሎ ተጫነ፤ ከዚያ ጸጥ። እንዲህ ያለ ጸጥታ እኔ የምጠብቀው ከሞትኩ በኋላ ነበር። የገዛ ልቤ ሲመታ ሰማሁ፤ ከማስበው በላይ ይጣደፋል። ማይክሮፎኑ አጠገብ አንዲት ቀይ መብራት በርታለች። እኔ በማውቀው ቀይ መብራት ቁም ማለት ነው። ቆምኩ።

ዘሐራ ውጭ እየተናገረች ይሆናል፤ አልተሰማችኝም። ከባድ መኪና ወደ ደሴ እያለፈ ይሆናል፤ እሱም አልተሰማኝም። እንግዲያው እኔንም የሚሰማኝ የለም! ይህን ሳውቅ ስምንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የተኛ ነገር ብድግ አለ። ሰው ከሌለ ይህን ብረት ላናግረው ብዬ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋሁ። «ዘሐራ!» ብዬ ጮህኩ። «አትሂጂ! ስምንት ዓመት በስልክ እሺ፣ እሺ ያልኩሽ ውሸቴን ነው! ቤቱ ጨንቆኝ ነበር! አትሂጂብኝ!» ሌላም ብያለሁ። ስለ አሠሪዋም አንዳንድ ነገር ብያለሁ፤ እሱን አልደግመውም፣ ሸሁ ሊመለሱ ነው።

በሩ ተከፈተ። «ተሰማሽ?» አልኳት። «ከበሩ ውጭ ቆሜ አንድም ነገር አልተሰማኝም» ብላ ማለችልኝ። ተመስገን! ላቤን ጠርጌ ልወጣ ስል እጄን ይዛ ወደ ኮምፒውተሯ ወሰደችኝና፣ መጀመሪያ ራሷ አድምጣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋችው። አንድ ሽማግሌ ሲጮህ ሰማሁ። ምን ደርሶበት ነው፣ ዘመድ የለውም እንዴ ብዬ ላዝንለት ስል «አትሂጂብኝ» አለ፤ ሰውየውን ያን ጊዜ አወቅሁት። ቀይዋ መብራት ለካ እየቀረጽኩ ነው ማለቷ ኖሯል። የምገባበት ቀዳዳ ፈለግሁ። የቤቱን ቀዳዳ ሁሉ ደግሞ በገዛ እጄ ደፍኜዋለሁ።

ዘሐራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ አፍንጫዋንም። ከዚያ ስልኳን አንስታ ድርግም አድርጋ አጠፋችው፤ ሲቀረጽ መጥራት የለበትምና። መልሳ ወደ ክፍሉ አስገብታ አቆመችኝ፤ ማይክሮፎኑን ከአፌ አንድ ክንድ ያህል አራቀችውና እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ በጣም ስለተጠጉት ድምፁ ተሰነጣጥቋል፤ ትንሽ ዝቅ አድርገው እንደገና ይንገሩኝ።»